የድንጋይ እንቅልፍ

አሥራ ዘጠኝ ክረምት፣ በዘበኝነቴ፣
አንድ ባትሪ በእጄ፣ አንድ ሬዲዮ ባንገቴ፣
የሐጂ ሳቢትን ጣውላ ስጠብቅ፣
ከአዌቱ ወንዝ ማዶ ጨለማው ሲወድቅ፣
ስንት ድንጋይ ገደልኩ?

ድንጋይ ነው የምንለው፤ ስሙን ማን እንዳወጣው፣
ከባትሪው ሆድ ገብቶ ብርሃን የሚያመጣው።
«ድንጋይ እንዴት ያበራል?» ልጅ ሆኜ ስጠይቅ፣
አባቴ፦ «ዝም በል። ያበራል፣ እስኪደርቅ።»

ሲደክም አወጣዋለሁ፣ በጥርሴ ነክሼ፣
ቆርቆሮው ላይ አሰጣዋለሁ፣ ፀሐይ አልብሼ።
እንደ በርበሬ ከርሞ፣ ጎንና ጎን ተገላብጦ፣
አንድ ሌሊት ይጨምርልኛል፤ ቀላ ብሎ፣ ደንግጦ።
ከዚያ በኋላ ሞት ነው። ሞቱም ንጹሕ አይደል፤
ረስተው ከተዉት ያዥ እንደ ቁስል፣
የባትሪዬን ሽቦ ሁለቴ በልቶታል።
ወደ ጓሮ እወረውራለሁ። ሣሩ ይውጠዋል።

ሸረፋ ሱቅ ደግሞ የዱቤው መዝገብ ላይ፣
ከስሜ ትይዩ፣ «ድንጋይ»፣ «ድንጋይ»፣ «ድንጋይ»፤
ያየ ሰው ቤት የምሠራ ይመስለዋል።

ባለፈው ሰኔ ነው። ልጄ ነጂሃ መጣች፣
ፈረንጅ አራዳ ስልክ እየጠገነች
ካጠራቀመችው አራት ድንጋይ ገዝታ፣
አንድ ቻርጀር ጨምራ፣ በፌስታል ቋጥራ።
«አባ፣ ይኸኛው ይሞላል።» ዋጋውን ስትነግረኝ፣
ዶሮ ከነእንቁላሏ ያመለጠችኝ መሰለኝ።
አልተከራከረችም። የአናጢ እርሳስ አንሥታ፣
ጣውላ ላይ ጻፈችው፣ የዱቤዬን ድንጋይ በወራት አባዝታ፦
«መስከረም ላይ ዋጋውን ጨርሶ ይመልሳል፤
ከዚያ ወዲያ ያለው ብርሃን ያንተ ይሆናል።»
ያ ጣውላ ተሸጠ። አንዱ ቤት አልጋ ሆኖ፣
የኔ ዕዳ ከፍራሽ ሥር ተኝቷል ተሸፍኖ።

አልዋሽም፤ መብራት ይጠፋል። ጅማ ሲዘንብማ
ሁለት ቀን ሙሉ ጨለማ።
ግን ሲመጣ ይበቃል። ጧት ከፈረቃ ወጥቼ
እሰካቸዋለሁ፣ ጫማዬን ፈትቼ።
ውጭ መጋዙ ይጮኻል፣ አናጢ ይሰዳደባል፤
የቻርጀሩ ቀይ ዓይን ከራስጌዬ ያያል።
እስከ ዙሁር አዛን እነሱም እኔም ጭልጥ።
ስነቃ አረንጓዴ ነው።

ያን ጊዜ ገባኝ። የድሮዎቹ ሟች ነበሩ፤
እነዚህ ግን እንደኔ ናቸው፣ በተራ የሚያድሩ፤
ቀን የሚተኙ፣ ሌት የሚሠሩ።
ዘበኛ ቀጠረችልኝ ልጄ፣ አራት ዘበኛ፣
ደሞዝ የማይጠይቅ፣ ጫት የማይቅም ጓደኛ።
«እነሱም ያልቃሉ» ብላኛለች፤ «ከስንት መቶ እንቅልፍ በኋላ።»
እኔስ ብትሆን ልጄ?

ጥቅምት ላይ ጓሮውን ለጎመን ስቆፍር፣
ዶማው ቃ! አለ። ድንጋይ መሰለኝ።
ድንጋይ ነበር።
ሆዱ የተቀደደ፣ ዝገት ያነባ፣
የኔ የእጄ ሥራ። አጠገቡ ሌላ። ሥሩ ሌላ።
ስልሳ ሰባት ቆጠርኩ፤ ከዚያ መቁጠር ፈራሁ።
ዝናቡ ከዚህ አፈር ወደ አዌቱ ይወርዳል፣
አዌቱ ወደ ቦዬ፤ ከቦዬ ላም ትጠጣለች።
እኔ ባበራሁት፣ ማን ሲጠጣው ኖረ?

ቀበሌ ሄድኩ፣ «የት ልጣላቸው?» ብዬ።
ጸሐፊው ሳቀ፦ «ድንጋይ? ወንዝ ዳር ጣለዋ፣ አባዬ!»
ጎመኑንም አልተከልኩ፤ እነሱንም አልጣልኩ።
በዘይት ጀሪካን ሞልተው፣ ክዳኑን አጥብቄ፣
ከማደሪያዬ በር ሥር ናቸው፣ ከዝናብ ርቀው።

ማታ ዙረቴን ስጀምር፣ አዲሱ ድንጋይ ሲበራ፣
መጀመሪያ የማበራው እዚያ ጀሪካን ላይ ነው።
የሞቱትንም እጠብቃለሁ፣ ከጣውላው ጋራ።